መኪናው የተገፋ ዕለት

«የተከበራችሁ የወገዳ ከተማና የአካባቢው ነዋሪዎች! ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ የበላይ አመራሮች፣ ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶችና ባለድርሻ አካላት በተገኙበት፣ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ መኪና ይገፋል!»

ድምፅ ማጉያ የጫነችው ባጃጅ ይህን እያወጀች ከገበያው ወደ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስትመላለስ አረፈደች። በመጨረሻ አቀበቱ ላይ እሷም ቀጥ አለችና ገፏት። ማንም አላጨበጨበም።

ወገዳ ላይ መኪና ሳይገፋ የዋለበት ቀን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከትምህርት ቤቱ በር ትይዩ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ነው የምቀመጥ፤ የሚያልፈውን ሁሉ አያለሁ። መንገዳችን ጎማም ይበላል፣ ባትሪም ይበላል። «እስቲ እጅ ጣሉበት» ይባላል። ገብስ ተሸክሞ የመጣው ገበሬ ጆንያውን ያወርድና ይገፋል፤ መርጌታው መቋሚያቸውን አጥር ላይ አስደግፈው ይገፋሉ። መኪናው ሲነሣ ሁሉም እጁን አራግፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ማን እንደ ገፋ የሚጠይቅ የለም።

የዚያን ዕለቱ ባዋጅ የሆነው መኪናው ስለ ተለየ አይደለም። የሚገፋው ሰው ስለ ተለየ ነው።

ነገሩን የጀመረው የፊዚክስ መምህሩ አዳነ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። አዳነ ከንፋስ መውጫ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ እጅጌው ሁልጊዜ የጠመኔ ዱቄት አለበት። ተማሪዎቹን «ጉልበት እኩል ነው መጠነ ቁስ ሲባዛ በሽምጠጣ!» እያሰኘ ሲያስጮኻቸው ድምፃቸው አጥሩን አልፎ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ከብዛቱ የተነሣ ጠርዝ ስመታ በእሱ ዜማ መምታት ለምጄ ነበር። ትርጉሙንም ከዚያው ከአጥሩ ሥር ነው የሰማሁት። መጠነ ቁስ ማለት ነገሩ ምን ያህል ቁስ በውስጡ እንደ ያዘ ነው። ሽምጠጣ ማለት የፍጥነት መጨመር ነው፤ በሶምሶማ የነበረ ፈረስ ሽምጥ ሲነሣ እንደሚሆነው ያለ። አንዱኑ ጉልበት ለቀላል ነገር ብትሰጠው ይፈተለካል፤ ለከባድ ብትሰጠው እየተጎተተ ይነሣል። ከባዱን እንደ ቀላሉ ላስፈትልከው ካልህ ጉልበት መጨመር አለብህ። በቃ፣ ይኸው ነው። በሬ የጠመደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በቁጥር አይጽፈውም እንጂ።

አዳነ በሳይንስ ሳምንቱ ይህን በእውነተኛ መኪና ላሳይ አለ። ተማሪዎች ባዶውን ፒክአፕ ይገፋሉ፤ ቀጥሎ ሰው ይጫንበትና ያንኑ ያህል ይገፋሉ፤ ሲንቀራፈፍ ያያሉ። መኪና ለመለመን አንድ ጽሕፈት ቤት ገባ። የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጠራም። ሁሉም ጽሕፈት ቤቶች የኛ ነው ብለው ቢጠረጥሩ ደስ ይለኛል።

ኃላፊው አቶ ይበልጣል ነገሩን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ አሉ። እሳቸው ከተቀመጡበት የሚነሡት ለሁለት ነገር ነው፤ ለምሳና ለካሜራ።

«መኪናውን ውሰድ» አሉት። «ግን ተማሪ ገፋ ቢባል ምን ዜና አለው? አመራሩ ይግፋ!»

እንዲህ ሆኖ የአዳነ ሠርቶ ማሳያ መርሐ ግብር ሆነ። መርሐ ግብሩ ባነር ወለደ። «ዕድገትን በጋራ ወደፊት እንግፋ!» የሚለውን ባነር ጠርዙን የመታሁት እኔ ነኝ። ባነሩ ግብዣ ወለደ፤ ግብዣው በግ አሳረደ። ተማሪዎቹ ከወንዝ ዳር ድንጋይ ተሸክመው ኖራ ቀቡና እንግዶች በሚያልፉበት መንገድ ግራና ቀኝ ደረደሩት። ድንጋዩ ሲነጣ መንገዱ የተሠራ ይመስላል። ይህን ያስተማራቸው መምህር ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ትምህርቱ ግን በየግቢው አለ።

ፒክአፑ ከረፋዱ ላይ ገባ። ሾፌሩ ፈይሰል የዚሁ ያገራችን ልጅ ነው፤ መኪናውን ከባለቤቶቹ ይልቅ እሱ ያዝንለታል። የእጅ ፍሬኑ ከሞተ ቆይቷል። ሞተሩም ካልተገፋ አይነሣም። ድሮ ረዳት ነበረው፤ ሲቆሙ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ የሚያደርግ፣ ሲነሡ ድንጋዩን የሚያነሣ። በኋላ የረዳቱን ቦታ ለኮሙኒኬሽን ባለሙያው ሰጡት። ባለሙያው ስልክ ይይዛል እንጂ ድንጋይ አይነካም። ፈይሰል ባንዲራው ሥር አቆመና ወርዶ ዞር ዞር ብሎ ወደ ጥላው ሄደ። ያ ቦታ ለዓይን ሜዳ ነው፤ ልጆቹ ግን ኳስ አያስቀምጡበትም፤ ቀስ እያለ ወደ በሩ ስለሚሄድባቸው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ወደ ሜዳው የወጣ እንግዳ የለም። ከመምህራን ማረፊያው የበግ ጥብስ ሽታ ይመጣል። ጸሐዩ ላይ የተሰለፉት ተማሪዎች ሽታውን ወደ ውስጥ እየሳቡ ቆመዋል። እኔም ሥራዬን ሸፍኜ ገባሁና ገመዱ ጋ ቆምሁ፤ ሕዝብ ከዚህ እንዳያልፍ ተብሎ የተወጠረ ገመድ ነው። ከነጫጮቹ ድንጋዮች መካከል አንዱ ጎድሏል። ደህና ሳቅ ውስጥ እንደ ወለቀ ጥርስ ዓይኔን ይዞት ቆየ።

እንግዶቹ ከማረፊያው በልተው ሲወጡ አገጫቸው ያብረቀርቃል። አቶ ይበልጣል በክብሪት እንጨት ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ፤ ያወጡትን አይተው፣ አስበውበት፣ መልሰው ዋጡት። ፊቴን አዞርሁ። ወደ ዞርሁበት ሌላው እንግዳ ጣቱን እየላሰ ነበር።

አዳነ ጥቁር ሰሌዳውን ደጅ አውጥቶ ሕጉን ጽፎበታል። መጀመሪያ ሁለት ተማሪ ጠራ። መዳፍ ለመዳፍ አጋጠማቸውና «ግፉ!» አላቸው። ልጆቹ ተገፋፉ። ድንገት አንዱን ትከሻውን ነካ አደረገው፤ ልጁ ሸርተት ሲል ሌላው ተዘርግቶ መሬት ላይ በግንባሩ ወደቀ። ግቢው ሳቀ።

«አትሳቁ» አለ አዳነ። «ለምን ወደቀ?»

«ጓደኛው ከዳው!» አለ ከኋላ አንዱ።

«እሱም አለ። ዋናው ግን እውነት ይገፋ ስለ ነበር ነው። ገላውን ሰጥቶት ነበር። የምትገፋው ነገር ድንገት ቢሸሽብህ ትወድቃለህ። የማይገፋ ሰው ግን ግድግዳው ተነሥቶ ቢሄድበት እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቀራል።»

አቶ ይበልጣል አጨበጨቡ። እሳቸው ስላጨበጨቡ ሁሉም አጨበጨበ። «ትልቅ ትምህርት ነው!» አሉ። «ይቺ ነገር ለኛም ስብሰባ ትሆናለች። ቀርጸሃታል?»

«ቀርጫታለሁ፣ ክቡር ኃላፊ» አለ ባለሙያው።

የወደቀው ልጅ አፈሩን አራግፎ ሰልፉ ውስጥ ገባ።

ቀጥሎ መጠነ ቁስን ለማሳየት እንግዶች መኪናው ላይ ይውጡ ተባለ። ማን ይቅደም በሚለው ጊዜ ሄደ። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በማርያም፣ እርስዎ»፤ አፋቸው እንዲህ ሲል ክርናቸው ሌላ ይናገራል። አቶ ይበልጣል ጋቢና ገቡ። «እንግዲህ ከባዱ መጠነ ቁስ እኔ ነኝ» አሉ፤ ሳቁም እንደ ማዕረጉ በየተራ ተሳቀ። የቀሩት ከኋላ ጭነቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ገና ማን እንደሚገፋቸው ሳይወሰን የውጭው በር ተከፈተ።

አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሷል። ከጎናቸው ሙሉነሽ ትሮጣለች፤ መናኸሪያው ላይ ቆሎ የምትሸጠዋ ሙሉነሽ ናት። ቃሬዛው ላይ ልጇ እመቤት ተጠቅልላለች፤ ለዓመት በዓል ወደ አያቷ አገር ወርዳ እዚያው ነው ያመማት። ከኋላ ነጭ ጋውን የለበሰችው ሲስተር ነፊሳ ትከተላለች፤ ከጤና ጣቢያው ነው የመጡት።

ሲስተር ነፊሳ ገመዱን በእጇ ከፍ አድርጋ አለፈች። «ትርፍ አንጀት ነው» አለች፣ ለማንም ሰላምታ ሳትሰጥ። «እኛ ጋ አይቀደድም። ዛሬውኑ ደብረ ታቦር መግባት አለባት። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል፤ አውቶቡሱ ጧት ሄዷል። ያለው መኪና ይኸ ነው።»

ሙሉነሽ የጋቢናውን በር በሁለት እጇ ያዘች። «ጌታዬ፣ ልጄን። ሌላ የለኝም። አንጀቷ ከፈነዳ አትደርስም ብለውኛል። ጫማዎን ልሳም።»

«እንዴ! ምን ማለትሽ ነው፣ እናቴ?» አሉ አቶ ይበልጣል፣ ድምፃቸውን ስልኩ ወዳለበት እያዞሩ። «ለሕዝብ ያልሆነ መኪና ለማን ሊሆን ነው? ይኸው! ያንቺ ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። ሙሉነሽ እግራቸው ላይ ልትወድቅ አለች፤ ግን እግራቸው ጋቢና ውስጥ ነው፣ አልወረዱም። ሌሎቹም አልወረዱም።

«ክቡር ኃላፊ» አለ ባለሙያው ጠጋ ብሎ፣ «ሠርቶ ማሳያውና በጎ አድራጎቱ ባንድ ላይ ቢሆን በምስል በጣም ያምራል።»

«እኔም ያሰብሁት እሱን ነው።»

ልጅቱን አንሥተው ከእንግዶቹ ጫማ መካከል አስተኟት። ፊቷ እንደ አመድ ነው፤ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ጥርሷን ታፋጫለች። ከራስጌዋ የተቀመጠው ሰውዬ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨቱን ከአፉ ሳያወጣ «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ» አላት። ምራቁ ነጩ ጋውኗ ላይ ሲያርፍ ሲስተር ነፊሳ አየችው፤ እኔም አየሁት።

«እሺ፣ ውረዱ እንግዲህ» አለች ነፊሳ።

ተያዩ።

አዳነ ሰሌዳው አጠገብ ሆኖ በትሕትና አገዛት። «ሕጉም እንደዚያ ነው የሚለው። መጠነ ቁሱ ሲቀንስ፣ ያው ጉልበት የበለጠ ሽምጠጣ ይሰጣል። እና... ቁሱ ቢወርድ...»

ቁሱ አልወረደም። ቀድሞ የወረደ ሰው ትርፍ ጭነት መሆኑን ያመነ ሊመስል ነው። አንዱ «አብረናት ብንሸኛትስ?» አለ። ሌላው ምንጣፉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «ያኛው ይውረድ፣ እሱ የመጣው ተጋብዞ አይደለም» የሚልም ተሰማ። ልጅቱ ታቃስታለች። እኔ ብዙ ዓይነት ሰው ለክቻለሁ፤ ሱሪ ስሰፋለት ሆዱን ወደ ውስጥ የሚስብም፣ ደረቱን የሚነፋም አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ግን በምን ሜትር እንደሚለኩት አላውቅም።

ልጅቱ ድንገት ተገለበጠችና አስመለሳት። ቢጫ ነገር በሁለት እንግዶች ጫማ ላይ ፈሰሰ።

ምንጣፉ ላይ የነበሩት በሙሉ ባንድ ቅጽበት መሬት ላይ ሆኑ። አጥሩን ዘሎ የወጣ ፍየል እንደዚያ አይፈጥንም። በዚያን ዕለት የመጀመሪያውን ሽምጠጣ ያየሁት ያኔ ነው።

ሽታው ጋቢና ሲደርስ አቶ ይበልጣልም ወረዱ፤ በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘው። «በሉ» አሉ፣ «አመራሩ ይግፋ። ሾፌር፣ ግባ!»

ፈይሰል እየሮጠ ገባና መሪውን ያዘ። ሲስተር ነፊሳ ከኋላ ወጥታ የልጅቱን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። እንግዶቹ ከመኪናው ኋላ ተሰለፉ። የፒክአፕ ኋላ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ደግሞ ስልኩ ባለበት በኩል መሆን ፈለገ። በዚያ በኩል ተደራረቡ፤ በወዲያኛው በኩል መሰላል የሚያቆም ቦታ ተረፈ።

ቃሬዛ ከተሸከሙት ጎረምሶች አንዱ ላቡን ጠረገና «እኛ እንግፋው?» አለ።

«እናንተ ድርሻችሁን ተወጥታችኋል» አሉት አቶ ይበልጣል። «አሁን የአመራሩ ተራ ነው። ወደ ገመዱ!»

«ተማሪዎቹስ?» አለ አዳነ።

«ተማሪዎቹ ያጨብጭቡ።»

መግፋት የሚችል ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ሆኖ አጨበጨበ።

«ሆ በሉ!» አሉ አቶ ይበልጣል።

«ሆ!»

መኪናው አልነቃነቀም።

እንዲህ ያለ መግፋት አይቼ አላውቅም። ግንባሮች ተኮማተሩ፣ አንገቶች ተነፉ፣ ጥርሶች ተገጠጡ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ወላድ ያምጣል። እጃቸው ግን ብረቱ ላይ ያረፈው ሙቀቱን እንደሚፈትሽ ሰው ነው። ቅባት ያላቸው መዳፎች አቧራው ላይ ታትመዋል፤ የማንም ተረከዝ ግን መሬት አልቆፈረም።

«ሆ በሉ!»

«ሆ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ባለሙያው። «የክቡር ኃላፊ ፊት አልገባም። እባክዎ ትንሽ ወደዚህ... አዎ። ላብ ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነበር።»

አንዱ የታሸገ ውኃ ከፈተና ግንባራቸው ላይ ረጨላቸው። የረጨው ሰው በተረፈው የገዛ ግንባሩንም አራሰ።

«አሁን ያምራል! በድጋሚ!»

«ሆ!»

መኪናው እንደ ቆመ ነው። ምክንያት ይፈለግ ጀመር። አንዱ «መሬቱ ነው፤ ሽቅብ ነው» አለ። ሌላው «ነዳጁ የሞላ ነው፣ ከብዶ ነው» አለ። ሦስተኛው ወደ ሰሌዳው እያየ «ይኸ ሕግ የሚሠራው አስፋልት ላይ ነው፣ ለኛ ወረዳ ለስማዳ አይሆንም» ሲል ደጋፊ አገኘ። «ዓይን ነው» ያለም ነበር፤ ወደ እኛ ወደ ገመዱ ሰዎች እያየ።

አዳነ ግን ሰሌዳው ላይ ተጠምዷል። የመኪናውን መጠነ ቁስ ጻፈ። የአንድን ሰው ጉልበት ገምቶ በገፊዎቹ ብዛት አባዛ። ያባዛውን ለመጠነ ቁሱ አካፈለ። የወጣው ሽምጠጣ ደህና ሽምጠጣ ነው፤ መኪናውን እንኳን ሊያስነሣ አጥሩን ሊያስጥሰው ይችላል። ወደ መኪናው ዞረ፤ ቆሟል። ወይ ሕጉ ዋሽቷል፣ ወይ ሰዎቹ። አዳነ የጨዋ ልጅ ነውና መጀመሪያ የጠረጠረው ሕጉን ነው። አጥፍቶ እንደ ገና አሰላ።

«አንቺ ልጅ፣ አይዞሽ፣ ተንፍሺ» ትላለች ነፊሳ ከላይ። ከዚያ ወደ ታች ጮኸች፦ «ቶሎ በሉ እንጂ! ሆዷ ደንድኗል፣ እየጠጠረ ነው!»

ሙሉነሽ አላስቻላትም። መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ከሰልፉ ጫፍ፣ ሰው ከሌለበት በኩል ትከሻዋን ብረቱ ላይ ጣለች። እጇ ብረቱን እንደ ነካ ባለሙያው ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«እናትየዋ ምስሉን እያበላሹት ነው።»

አቶ ይበልጣል መጥተው ክንዷን ያዙ። «እናቴ፣ አንቺ እንግዳችን ነሽ። እኛ እያለንልሽ አንቺ ትገፊያለሽ? ነውር ነው። አረፍ በይ።»

«ጌታዬ፣ ልጄ...»

«አረፍ በይ ብዬሻለሁ። ቁጭ በይ። መግፋቱን ለኛ ተይው።»

«እነዚያ ልጆች ቢያግዙ ምናለ? ጌታዬ፣ ስለ እመብርሃን።»

«ቁጭ!»

ድምፃቸው ክው አደረጋት። ተማሪዎቹም ጭብጨባቸውን ቀነሱ። አቶ ይበልጣል ይህን ሲያዩ ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ በግራ እጃቸው መኪናውን ተደግፈው፣ በቀኝ እጃቸው አየሩን እየከፈሉ ተናገሩ። «ዛሬ እዚህ የምናየው» አሉ፣ «ተራ መኪና አይደለም። ይህ ሸክማችን ነው። ይህን ሸክም ከሕዝባችን ጫንቃ ላይ አንሥተን በራሳችን ጫንቃ ላይ ያደረግነው ጉልበት ተርፎን አይደለም፤ ፍቅር ነው።» የግንባራቸው ውኃ ደርቆ ነበርና ሰውዬው እንደ ገና ረጨላቸው። አንዲት ዝንብ አገጫቸው ላይ ያለው ስብ ላይ አረፈች። አላባረሯትም፤ ስልኩ እየቀረጸ ነው።

ከመኪናው ላይ እመቤት «እምዬ» አለች። ጮክ ብላ አይደለም። ንግግሩ ባይኖር ሁሉም ይሰማው ነበር።

ሙሉነሽ ቁጭ በይ ተብላለች። ዞር ብላ አየች። ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰው በረድፍ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው ላይ የእንግዳ ስም ተለጥፏል። ወደዚያ አልደፈረችም። በመኪናው ጎን በኩል እየተንሸራተተች ወደ ፊት ሄደች፣ ከልጇ ወደማትርቅበት፣ ስልኩ ወደማያያት። ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ስትደርስ ነጭ ድንጋይ አየች። ኖራ የተቀባ ነው፤ ግማሹ ከጎማው ሥር ገብቷል፣ ግማሹ ወጥቷል። ከረድፉ የጠፋው ጥርስ እዚያ ነበር፤ ረዳት የሌለው ፈይሰል ታኮ አድርጎት ረስቶታል።

እሷ ምን ታውቃለች? ለመቀመጫ የሚሆን ድንጋይ ነው። ጎንበስ አለችና በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

ከኋላው ያን ሁሉ ሰው የሚገፋው ጎማ የተጫነው ድንጋይ በሰው እጅ አይወጣም። ይኸኛው ግን ቅቤ ውስጥ እንዳለ ቢላዋ ወጣ።

«ሆ በሉ!» አሉ ከኋላ አቶ ይበልጣል። ንግግሩ አልቆ መግፋቱ ተጀምሯል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ባለሙያው ለቅርብ ምስል ይጨፍኑ ብሏቸዋል።

«ሆ!»

መኪናው ሄደ። ቸኩሎ አይደለም፤ ልጆቹ ማንም ሳይነካት የምትሄድባቸውን ኳስ መስሎ፣ ጎማው ጠጠሩን እየጨፈለቀ፣ ወደ በሩ። ከዚያ ቁልቁለቱ አገኘውና ፍጥነት ላይ ፍጥነት ጨመረ። ፈይሰል ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሣ። መኪናው ቢቆም ተመልሶ እንደማይነሣ ስለሚያውቅ አላቆመም። ሙሉነሽ ድንጋዩን ጥላ ቀሚሷን በጥርሷ ይዛ ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስበት ሲስተር ነፊሳ ጎንበስ ብላ ክንዷን ያዘች፤ ጎትታ ከልጇ ጎን ጣለቻት። በሩ ላይ የተወጠረው ባነር ተቀዶ የኋላው ብረት ላይ ተንጠለጠለና እየተጎተተ ሄደ። ጠርዙ ግን አልተተረተረም። ወዲያው አቧራው ሁሉንም ሸፈነ፤ ድምፁ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ እየራቀ ሄደ።

ተማሪዎቹ ማጨብጨባቸውን ተዉ።

ሰልፉ በቦታው አለ። እጆች ሁሉ እንደ ተዘረጉ ናቸው፤ መዳፎቹ ብረት የነበረበትን አየር ይዘዋል። አንዱ፣ መኪናው መሄዱን ስላላወቀ ይሆናል፣ ብቻውን «ሆ» አለና አፉን ሳይገጥም ቀረ። አቶ ይበልጣል ዓይናቸውን ገለጡ። ባለሙያው ስልኩን ገና አልዘጋውም።

አዳነ ጠመኔውን እንደ ያዘ ከሰሌዳው ወደ ሰልፉ ዞረ። ቅድም የወደቀው ልጅም ግንባሩ ላይ አፈሩ እንዳለ ከተማሪዎቹ መሐል አንገቱን አስግጎ ይመለከታል። ሁለቱም ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

አንድም የወደቀ ሰው አልነበረም።